«ፈርሚና ሥራሽን ቀጥዪ»

ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሴት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ከዚያ «ማንን ይመስላል?» ይከተላል። ሦስተኛው ከኤች አር (ከሰው ኃይል ክፍል) ይመጣል፤ በፖስታ ታሽጎ ወይም በፕላስቲክ ፎልደር ተደርጎ።

እኔ ጋ የመጣው በፎልደር ነበር።

የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሕግ አልተማርኩም። ግን የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ሳሰላ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከጠረጴዛዬ ጠፍቶ አያውቅም። የወሊዱን ክፍል አስምሬ ያነበብኩት ሆዴ ከጠረጴዛው ጋር መጋጨት ሲጀምር ነው። እዚህ የምጽፈው በዚህ አዋጅ ስር ላሉ፣ ማለትም ለግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው።

ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ገጽ አዲስ የሥራ ውል ነበር። የኤች አር ኃላፊዋ ጥሩ ሴት ናት፤ ስወልድም ደውላ ጠይቃኛለች። «መዋቅር ስለተቀየረ ሁሉም ሰው አዲስ እየፈረመ ነው። ፈርሚና ሥራሽን ቀጥዪ» አለችኝ። ቤት ወስጄ ላንብበው ስላት ገረማት።

«ምን የሚነበብ ነገር አለው? ፎርማሊቲ እኮ ነው።»

ፎርማሊቲ ከሆነ ነገም ይደርሳል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ልጁ ሲተኛ አሮጌውን ውል አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። ይህን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ደስ ይለኛል። አዲሱን ብቻውን ካነበብሽው ምንም ክፉ ነገር አታዪበትም። ቋንቋው ጨዋ ነው፤ ማኅተሙ ቦታው ላይ ነው። ነገሩ የሚታየው ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ነው።

አንደኛ፣ አሮጌው ውል ላልተወሰነ ጊዜ ነበር፤ እኛ «ቋሚ» የምንለው። አዲሱ ለአንድ ዓመት ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ ሊታደስ ይችላል» ይላል። አዋጁ አንቀጽ 9 ላይ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸው ሁኔታዎች አንቀጽ 10 ላይ ተዘርዝረዋል። በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ መተካት ከነዚያ አንዱ ነው። የሚገርመው፣ በዚያ ዓይነት ውል የገባው እኔን ሊተካ የመጣው ልጅ ነበር። ከመውለዴ በፊት የደመወዝ መዝገቡ ላይ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ስመለስ እሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፤ ጊዜያዊ እንድሆን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። ልጁን አልወቅሰውም። እሱም የሰጡትን ነው የፈረመው።

ሁለተኛ፣ «60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ» የሚል መስመር ነበረበት። እዚያው ድርጅት ውስጥ ዓመታት የሠራሁትን ሥራ ልሞከርበት ማለት ነው። አዋጁ እዚያው አሠሪ ጋ ለተመሳሳይ ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሰው ለሙከራ እንደማይዳረግ ይናገራል። ይህን መስመር የጻፈው ሰው አስቦበት ይሁን ከሌላ ውል ላይ ኮፒ አድርጎት አላውቅም። ኮፒ ሳይሆን አይቀርም። ግን የሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ስለሚቻል ኮፒም ቢሆን አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጠቅላላ ክፍያው አልተነካም። አሮጌው መሠረታዊ ደመወዝ 18,000 ብር ነው እንበል። አዲሱ መሠረታዊውን 13,000 አደረገውና 5,000ውን «የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል» አለው። ድምሩ ያው 18,000 ነው። ኤች አር «ምንም አልተቀነሰብሽም» ስትል አልዋሸችም። እንዲያውም አበል ላይ ባለው የግብር አያያዝ ምክንያት የመጀመሪያው ወር ላይ ኪስ የሚገባው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። በ18,000 ሁለቱ ተደምረው በወር 3,240 ብር ይሆናሉ። በ13,000 ደግሞ 2,340 ብር። በየወሩ 900 ብር ከጡረታሽ ይጎድላል፤ ከዚህ ውስጥ 550 ብሩ አሠሪው መክፈል የተወው ነው። የስንብት ክፍያም እንዲሁ በደመወዝ ነው የሚሰላው፤ የትራንስፖርት አበልን አዋጁ ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ውል አስፈርሞ የዛሬ ስድስት ወር ሠራተኛ የሚቀንስ ድርጅት በርካሽ ይቀንሳል። ሆን ብለው ነው አልልም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው የሚወጣው።

አራተኛው የሥራ መደቡ ስም ነበር። የኔ ዝቅ ብሎ «የሂሳብ ረዳት» ሆነ። ጓደኛዬ የምትሠራበት ሌላ ድርጅት ደግሞ የተመለሰችን እናት ከፍ አደረጋት፤ «ማናጀር» የሚል ማዕረግ ሰጣት። ሁላችንም እንኳን ደስ አለሽ አልናት። ነገር ግን «የሥራ መሪ» የሆነ ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ጥበቃ በሙሉ እሱን አይመለከትም፤ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። ደግነቱ ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። ሕጉ የሚያየው ሥልጣኑን ነው፤ የሥራ አመራር ፖሊሲ ታወጣለች ወይ፣ ሰው ትቀጥራለች ወይ፣ ታዛውራለች ወይ፣ ታሰናብታለች ወይ። በሯ ላይ «ማናጀር» ተለጥፎ ለእስክሪብቶ መግዣ ፊርማ የምትለምን ከሆነ የሥራ መሪ አይደለችም። ክርክር ግን መነሳቱ አይቀርም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ይህን ሁሉ መቀየር ይችላሉ ወይ ነው። መልሱ አንቀጽ 15 ላይ አለ። አዋጁ ራሱ ያልወሰነው የውል ቃል የሚቀየረው በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። እኛ ጋ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ ስለዚህ የኅብረት ስምምነት የለም። የሥራ ደንቡም አልተቀየረም። የቀረው የጽሑፍ ስምምነት ነው። የጽሑፍ ስምምነት ማለት ደግሞ የኔ ፊርማ ነው። ያንን ስረዳ «ፈርሚና ሥራሽን ቀጥዪ» የሚለው ነገር ትርጉሙ ተገለበጠብኝ። ሥራዬን የምቀጥለው ስለፈረምኩ ሳይሆን ውል ስላለኝ ነው። ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢቀላቀል እንኳ በዚያ ምክንያት ብቻ ውል አይቀየርም፤ አይቋረጥምም።

አለመፈረም ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ መርሳት ኋላ «አልተቃወመችም» ያስብላል። እኔ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠቃሚውን ክፍል እንዳለ ላስቀምጠው፦

«ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን አዲስ የሥራ ውል ይመለከታል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ውሌ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ሲሆን ማሻሻያውን ያልተቀበልኩት መሆኑን እገልጻለሁ። በነበረኝ የሥራ መደብና ደመወዝ ሥራዬን ለመቀጠል ዝግጁ መሆኔን አሳውቃለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አትርሺ። እሱ ከሌለ «ሥራ አልፈልግም ብላ ሄደች» ይመጣል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ወሰድኩ። አንዱን ሰጠሁ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባይ ፊርማ አስደረግሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ለውስጥ ደብዳቤ ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች። ማኅተሙን ግን አደረገችልኝ። ያ ኮፒ ቤት ነው ያለው። ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ማስረጃ ከቢሮ የወጣሽ ቀን የለሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

አብዛኞቻችን «የወለደችን ሴት ማባረር አይቻልም» ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው፤ አንቀጽ 87 ሴት ሠራተኛ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ እንዳትሰናበት ይከለክላል። ልብ የማይባለው አራቱ ወር ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ነው። የሚቆጠረው ሥራ ከገባሽበት ቀን አይደለም፤ ከወለድሽበት ቀን ነው። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። እንግዲህ ዘጠናውን ጨርሰሽ ስትመለሺ ከአራቱ ወር የሚቀርሽ ቢበዛ አንድ ወር ገደማ ነው። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካስከተልሽበት (ብዙዎቻችን እናስከትላለን፤ ማን ጨክኖ ሕፃን ጥሎ ይወጣል?) ቢሮ የምትደርሺው ያ ጥበቃ ካለቀ በኋላ ነው።

የመዋቅር ደብዳቤ ለምን አምስተኛው ወር ላይ እንደሚመጣ አሁን ገባሽ አይደል? አሠሪዎችም ይቆጥራሉ። ስለዚህ የልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የሆስፒታሉን ወረቀት ኮፒ ከውልሽ ጋር አብረሽ አስቀምጪ። የመጀመሪያው የክርክር ነጥብ እሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሊሆን ይችላል።

አራቱ ወር ውስጥ ካለሽ ጥበቃው ጠንካራ ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም። ሁለት በሮች ተከፍተዋል፤ ሁለቱም ከእርግዝናና ከመውለድ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት መሆን አለባቸው። አንዱ ከባድ ጥፋት ነው። ሌላው አንቀጽ 29 ላይ ያለው የሠራተኛ ቅነሳ ነው። ቅነሳ ደግሞ አንድ ሰው ጠርቶ «መደብሽ ታጥፏል» ማለት አይደለም። ከሠራተኞቹ ቢያንስ አሥር በመቶውን፣ ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ካለው ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው መንካት አለበት። እኛ አርባ ገደማ ነን። መደባችን ታጠፈ የተባልነው (ታሪኩን ወደ ታች እነግርሻለሁ) ሁለት ነበርን። ሁለት ሰው በዚህ ሕግ ቋንቋ ቅነሳ አይባልም።

እውነተኛ ቅነሳም ሲሆን ቅደም ተከተል አለው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር ይመክራል። ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያላቸው ቅድሚያ ይቆያሉ። ሁለት ሰዎች በዚያ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚወጣው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው፤ ቀጥሎ ጥገኛ ቤተሰብ የሚያንሰው፤ እያለ ይቀጥላል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ አራት ወር ያልሞላቸው እናቶች ናቸው። የመጨረሻ ተቀናሽ ናቸው ማለት ነው። «አንቺ ለወራት ስላልነበርሽ ምርታማነትሽ ዝቅ ብሏል» የሚል ነገር ከሰማሽ ግን ጆሮሽን አቁሚ። የወሊድ ፈቃድን እንደ ሥራ ድክመት መቁጠር እርግዝናን የስንብት ምክንያት ማድረግ ነው።

አራቱ ወር ካለፈ በኋላስ? ሜዳ ላይ ቀረሽ ማለት አይደለም። አንቀጽ 26 ጊዜ አይቆጥርም። ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት የማይሆኑ ነገሮችን ሲዘረዝር ጾታን፣ የትዳር ሁኔታን፣ እርግዝናን ይጠቅሳል፤ «የቤተሰብ ኃላፊነት»ንም ይጨምራል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የስምንት ወር ሕፃን ያላትን ሴት «አሁን ሐሳብሽ ቤት ነው» ብሎ ማሰናበት እዚህ ውስጥ ይገባል። በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብም በቂ ምክንያት አይሆንም። «ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ከሰሰችን» ተብሎ መሰናበት የለም።

ከዚህ ውጪ አሠሪው በእውነት ገበያ ቀዝቅዞበት ወይም የአሠራር ዘዴ ቀይሮ መደቡ ካላስፈለገው ሕጉ መንገድ ይሰጠዋል። ይህም ፍትሐዊ ነው። ባዶ ካዝና ካለው ድርጅት ደመወዝ መጠበቅ አይቻልም፤ የካዝናውን ልክ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መደቡ ታጥፏል ተብሎ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ካለ ግን መደቡ አልታጠፈም። የታጠፈው ሰው ነው።

ለኔ «መደብሽ ታጥፏል» የሚለው በቃል ነበር የተነገረኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ፣ ቆሜ። «በጽሑፍ ይሰጠኝ» አልኩ። ግትርነት አይደለም፤ አዋጁ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን እንዲገልጽ ያዝዛል። ማስጠንቀቂያው አገልግሎቷ እስከ አንድ ዓመት ለሆነ ሠራተኛ አንድ ወር ነው፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፤ ከዘጠኝ በላይ ሦስት ወር። በቅነሳ ከሆነ ሁለት ወር። ሥራ አስኪያጁ «እሺ ይዘጋጅልሻል» አለኝ። በየቀኑ እየገባሁ፣ የመግቢያ መዝገብ ላይ እየፈረምኩ ጠበቅሁ። ኮምፒውተሬን ስለወሰዱት የጥንት ፋይል ሳስተካክል እውል ነበር። የማርፈድ ሰበብ ላለመስጠት ተጠንቅቄያለሁ። በስድስት ወር ውስጥ፣ በጽሑፍ እየተገሠጽሽ፣ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያሰናብታል። ሕፃን ያላት ሴት ስምንት ጊዜ ለማርፈድ ስድስት ወር አያስፈልጋትም። ልጁ ታሞ ሆስፒታል የገባ ጊዜ በቃል ደውዬ አልቀረሁም። ለከባድ ችግር እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዳለ ጠቅሼ በጽሑፍ ጠየቅሁ።

(በነገራችን ላይ ባለቤቴ ስወልድ ያገኘው ፈቃድ ሦስት ቀን ነበር። አዋጁ ለአባት የሰጠው ይኸው ነው። ሁለቱን ቀን ሆስፒታል ወረፋ ላይ ጨረሰው።)

ያ ደብዳቤ አልመጣም። በመሃል ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የአሠሪና ሠራተኛ ባለሙያ አነጋግሬ ነበር። ሁለቱን ውሎች አየ፣ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤዬን አየና «ምንም እንዳትፈርሚ፤ ከተሰናበትሽ ቶሎ ነይ» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ገንዘብም አልከፈልኩም። አሠሪዎቼም ጠበቃ ሳያማክሩ አልቀሩም፤ አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሬ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ማንም ምንም አላለም። አሁን እኔም የተካኝ ልጅም አለን፤ ሥራውን ተካፍለናል። ደመወዜ ያው ነው፤ ጭማሪ ግን አልፎኛል። ድል ነው ብዬ አላወራውም።

መደቧ አብሮ የታጠፈባት ባልደረባዬ ንብረት ክፍል ነበረች፤ እሷም የወለደች ናት። እሷ ጋ ሌላ ወረቀት ነው የመጣው፤ ተዘጋጅቶ የታተመ፣ ፊርማ ብቻ የሚጎድለው፦ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቄን አሳውቃለሁ።» አንድ ወር ደመወዝ እንጨምርልሽ፣ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሽ አሏት። ፈረመች። አልፈርድባትም፤ ሕፃን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። ያ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ግን ማወቅ ጥሩ ነው። «በገዛ ፈቃዴ» ያለች ሴት ተሰናብቻለሁ ማለት ይከብዳታል። አምስት ዓመት ካልሞላት የስንብት ክፍያም የላትም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ስጦታ አይደለም፤ ለማንኛውም ለሚወጣ ሠራተኛ በነጻ መሰጠት ያለበት ነው። መለያየት ከፈለጉ «በስምምነት» የሚባል መንገድ አለ። እሱም በጽሑፍ ይሆናል፤ ሕግ የሰጠሽን መብት ትቻለሁ ብለሽ ብትፈርሚ እንኳ ያ መተው ዋጋ የለውም።

ምን ትታ እንደወጣች በቁጥር ላሳይ። ደመወዟ 18,000 ብር የሆነ፣ አራት ዓመት የሠራች ሠራተኛ እንውሰድ። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። ለአራት ዓመት 60 ቀን ይሆናል። በቅነሳ ከሆነ ሌላ 60 ቀን ይደረብበታል። ድምሩ የአራት ወር ገደማ፣ ወደ 72,000 ብር ነው። (ያንን የአበል ጨዋታ ፈርማ ቢሆን ኖሮ 52,000።) ማስጠንቀቂያው ለብቻው ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰች ደግሞ ከስንብት ክፍያው በላይ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ይጨመራል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊወሰንባቸው ይችላል።

ወደ ሥራ መመለስ የምትፈልግ ሴት ማወቅ ያለባት ነገር አለ። ፍርድ ቤት ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ቢል እንኳ ብዙ ጊዜ በካሣ እንድትሄድ ሊወስን ይችላል፤ ግንኙነቱ ሻክሯል በሚል። ምክንያቱ እርግዝና ወይም የቤተሰብ ኃላፊነት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት። ካሣ ይዞ መሄድ ያኔ የሷ ምርጫ ነው፤ የነሱ አይደለም። ለዚህ ነው «በወሊድ ምክንያት ነው» የሚለውን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር፣ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን፣ መያዝ ያለበት። ወደ ሥራ ከተመለሰች በመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ በይግባኝ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንላት ይችላል።

አንድ ክፍተት አለ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። የዓለም ሥራ ድርጅት የወሊድ ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 183፣ እናት ስትመለስ ወደነበረችበት መደብ ወይም በእኩል ደመወዝ ወደ ተመጣጣኝ መደብ የመመለስ መብት እንዳላት በግልጽ ይጽፋል። የኛ አዋጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። እኛ ያንን መብት የምናገኘው ዙሪያውን ሄደን፣ «ውሉ አልተቀየረም» በሚለው ነው። ቢጻፍ ኖሮ እኔ ፋይል ሳስተካክል የዋልኩባቸው ቀናት ባልኖሩ። ሌላም አለ። እኔ ቢሮ ሆኜ ስለ መብቴ ስከራከር ልጄን የያዘችልኝ ሞግዚት በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የግል ቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ወጥተዋል። የኔ የወሊድ መብት በከፊል በሷ ጫንቃ ላይ ነው የቆመው።

የመጨረሻው ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ነው፤ ብዙ ሴት የምትሸነፈው በክርክር ሳይሆን በዚህ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ከስንብት የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ስድስት ወር አለው። አሠሪው «ትንሽ ታገሺ፣ ሽማግሌ ይግባበት» ማለት ይወዳል፤ ሽምግልና ጥሩ ነው፤ እኔም አልጠላውም። ሽማግሌ ግን ይርጋ አያቆምም። ክሱን አስገብተሽም መታረቅ ትችያለሽ። የግል የሥራ ክርክር የሚቀርበው ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ውልሽን፣ የስንብት ደብዳቤሽን፣ የደመወዝ ወረቀትሽንና የልጁን የልደት ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ በተለይ ሒሳቡን። ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን ከነገራችሁኝ ስሌቱን እሠራላችኋለሁ። ሦስት ወሩ ሊሞላባት የቀረበ ካለች ግን መልሴን አትጠብቂ፤ ይህን ዘግተሽ አቤቱታውን መጻፍ ጀምሪ።